የኖርዌይ ዘር ስትፈልጉ የቱ ይሻላል? ነፃው፣ የሚከፈልበት፣ መጽሐፉ ወይስ ዲኤንኤው

ባለቤቴ ሚኒሶታ ተወልዶ ያደገ ነው። ዘራችሁ ከየት ነው ሲሉት "ኖርዌይ" ይላል፣ ኖርዌይ የት ሲሉት ዝም። ልጃችን ት/ቤት የቤተሰብ ዛፍ ስሩ ተባሉና በኔ በኩል አዲስ አበባ አያቷ ጋ ደውላ በአንድ ስልክ ሰባት ቤት ቆጥራ ጨረሰች፣ በአባቷ በኩል ግን ቅድመ አያት ላይ ሲደርስ ቆመ፣ እሱም ስሙ ብቻ። "የዳዲ ቤተሰብ ለምንድነው የጠፋው" አለችኝ። አልጠፋም እኮ፣ እንደውም ከኛ በላይ በወረቀት የተጻፈ ነው፣ ግራ የሚያጋባው የት የት እንዳለና የቱ ላይ ገንዘብ ማውጣት እንዳለባችሁ ነው።

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ከኖርዌይ ዘር ጋር ለተጋባችሁ ነው፣ ወይ ደሞ ነርሲንግ ሆም ስትሰሩ አንዷ አሮጊት "አንቺ ኮምፒውተር ትችያለሽ፣ እስቲ ዘሮቼን ፈልጊልኝ" ላለቻችሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "የቱን ድረ ገጽ ልክፈል?" ብሎ ነው። እኔ ደሞ መጀመሪያ የምጠይቀው "የቀዬውን ስም ታውቃላችሁ ወይ?" ብዬ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ ነው ያለው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ሁለት ዳር፣ አንድ ድልድይ

ነገሩ የአሜሪካ ዳርና የኖርዌይ ዳር አለው። መጀመሪያ በቡድን የመጡት በ1825 ጁላይ ከስታቫንገር ሬስታውራሲዮን በምትባል ትንሽ መርከብ የተነሱ 52 ሰዎች ናቸው፣ ኦክቶበር 9 ኒውዮርክ ሲደርሱ 53 ሆነዋል፣ መንገድ ላይ ልጅ ተወልዶ። ከዛ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ከ800,000 በላይ ሰው ተከተለ፣ አብዛኛው ወደ ኢሊኖይ፣ ዊስኮንሲን፣ አዮዋ፣ ሚኒሶታና ዳኮታ። ስለዚ ኦሌ ኦልሰን ብላችሁ ስትፈልጉ የምታገኙት አንድ ሰው ሳይሆን ሰልፍ ነው።

ከሰልፉ ውስጥ የናንተን ኦሌ ለይቶ የሚያወጣው የአጥቢያውና የእርሻ ቀዬው ስም ነው፣ ድልድዩ እሱ ነው። እሱ ካለ የኖርዌይ ዳር ያለው ነገር በአብዛኛው ነፃ ነው። እሱ ከሌለ ግን ምንም ብትከፍሉ የምትገዙት ግምት ነው።

ስሙ ላይ እኛ ሀበሾች ፈረንጆቹን እንበልጣቸዋለን፣ ይሄን በኩራት ነው የምለው። የድሮ ኖርዌጂያን ስሙ እንደኛው በአባት ነው። ኦሌ ላርሰን ማለት የላርስ ልጅ ኦሌ ነው፣ ልጁ ሃንስ ኦልሰን ይሆናል፣ ሴት ልጁ ደሞ ማሪት ኦልስዳተር፣ ሚስቱም ብታገባ የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትቀረው። አማቴ ይሄን ለመረዳት ሳምንት ፈጀባት፣ እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገባኝ። ከአባት ስም ቀጥሎ ሶስተኛ ስም ካያችሁ እሱ የእርሻው ስም ነው፣ ሰውየው ከአንዱ ቀዬ ወደ ሌላው ሲዛወር እሱም አብሮ ይቀየራል፣ ስለዚ እንደ ስም ሳይሆን እንደ አድራሻ ያዙት። ቋሚ የቤተሰብ ስም ኖርዌይ ውስጥ በሕግ ግዴታ የሆነው በ1923 ነው።

አሜሪካ ሲመጡ ታዲያ አንዱ ወንድም የአባቱን ስም ይዞ ኦልሰን፣ ሌላው የእርሻውን ይዞ ባከን፣ ሶስተኛው የአባቱን አባት ስም ይዞ ላርሰን ሆኖ ይቀራል። የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው ሶስቱም። እኛስ ኤርፖርት ስንደርስ የአያታችን ስም "ላስት ኔም" ሆኖ አልቀረም እንዴ፣ ያው ነው።

በምን ልመዝናቸው

አምስት ነገር ነው የማየው። የመጀመሪያውና ትልቁ፣ የቀዬውን ወይም የአጥቢያውን ስም ሊያስገኝ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛ ዋናውን ገጽ በስካን ያሳያል ወይስ ሌላ ሰው ገልብጦ የጻፈውን ብቻ፣ ምክንያቱም የገለበጠው ሰው ይሳሳታል፣ በተለይ የኖርዌይን ቀዬ ስም የማያውቅ ሰው ሲገለብጠው ጉድ ነው የሚሰራው። ሶስተኛ ዋጋው፣ ግን የወር ዋጋው ብቻ ሳይሆን ረስታችሁት በራሱ የሚታደሰውም ጭምር። አራተኛ ቋንቋውና የእጅ ጽሑፉ። አምስተኛው የሌላ ሰው ስህተት እናንተ ዛፍ ላይ በአንድ ክሊክ የመለጠፍ ዕድሉ ነው፣ እሱን ከታች በራሴ ታሪክ አመጣዋለሁ።

ፋሚሊሰርች

ነፃ ነው፣ አካውንት መክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ባለቤቱ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አንዳንዱ ሰው ይሸሻል፣ እኔ ሁለት ዓመት ስጠቀም የሰበከኝ የለም። የአሜሪካን ሕዝብ ቆጠራ እስከ 1950 ድረስ ታገኙበታላችሁ (ቆጠራው 72 ዓመት ተዘግቶ ስለሚቆይ የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው)፣ ጋብቻ፣ ሞት፣ ምናምንም አለ። አንዳንዱ ስካን ግን ቤት ሆናችሁ አይከፈትም፣ የነሱ ማዕከል ወይም ከነሱ ጋር የተዋዋለ ላይብረሪ መሄድ ይጠይቃል።

ለጀማሪ የ1900ውን ቆጠራ ነው የምመክረው። አንዱን መስመር እንየው፦ የተወለደበት ወርና ዓመት፣ ከተጋባ ስንት ዓመቱ፣ እናትየዋ ስንት ልጅ እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ አሜሪካ የገባበት ዓመት፣ ከዛ ዜግነቱ በሁለት ፊደል ምህጻር ይጻፋል። የባለቤቴ ቅድመ ቅድመ አያት መስመር ላይ እናትየዋ አስራ አንድ ወልዳ ሰባት እንደቀሩላት ተጽፏል፣ እሱን ሳይ ትንሽ ቆም አልኩ። ግን የትውልድ ቦታ የሚለው ላይ "ኖርዌይ" ብቻ ነው የሚለው፣ ከዛ በላይ አይልም፣ ደንቡ ስለሆነ። ስለዚ ቆጠራ ብቻውን ድልድዩን አያሻግራችሁም፣ ዓመቶቹን ግን ያስይዛችኋል። የ1890ው ቆጠራ በ1921 ዋሽንግተን በተነሳ ቃጠሎ ምክንያት የለም ማለት ይቻላል፣ ሚኒሶታ የ1885ና የ1895 የራሷ ቆጠራ ስላላት ክፍተቱን በሱ ሙሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እዛ ያለው ዛፍ የሁላችን የጋራ ነው፣ ማንም ገብቶ ያስተካክላል፣ ማንም ገብቶ ያበላሻል። መዝገቡን ተጠቀሙ፣ ዛፉን እንደ ወሬ ቁጠሩት።

አንሴስትሪ

የሚከፈልበት ነው፣ አነስተኛው የወር ክፍያ ከ20 ዶላር በላይ ነው። ለኖርዌጂያን ዘር መክፈል የሚያዋጣበት አንድ ነገር አለው፣ የአሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያኖች መዝገብ። የኖርዌይ ሉተራን ቄሶች ስደተኛውን ሲያጠምቁ፣ ሲያጋቡ፣ ሲቀብሩ፣ እንደ ሀገራቸው ልማድ ሰውየው ከየት እንደመጣ ይጽፉ ነበር፣ አንዳንዱ አጥቢያውን ብቻ፣ አንዳንዱ ቀዬውን ጭምር። የአሜሪካ መንግሥት "ኖርዌይ" ብሎ ባለፈበት ቄሱ አላለፈም። ሁሉም ቄስ እኩል ትጉ አልነበረም እርግጥ፣ ግን የቀዬውን ስም የማግኘት ዕድላችሁ ከሁሉም በላይ ያለው እዚህ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሰፈራችሁ ያለውን የሕዝብ ላይብረሪ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ የላይብረሪ አካውንት አላቸው፣ እዛው ቁጭ ብላችሁ በነፃ ትጠቀማላችሁ። እኔ ሁለት ቅዳሜ ነው የፈጀብኝ። ካልሆነ የሁለት ሳምንት ሙከራውን ውሰዱ፣ ግን የምትፈልጉትን ዝርዝር ቀድማችሁ ጽፋችሁ፣ እና የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ አላርም ሞልታችሁ።

አሁን የኔ ስህተት። ከሚከፈልባቸው አንዱ ላይ (ስሙን ልተወው፣ ጥፋቱ የኔም ነው) ገና በመጀመሪያው ሳምንት የዓመት ከፍዬ "ተመሳሳይ ሰው አግኝተናል" ሲለኝ እሺ፣ ሲለኝ እሺ፣ ሲለኝ እሺ፣ በአንድ ማታ እስከ 1600ዎቹ ወረድኩ። ለአማቴ አሳትሜ በፍሬም ሰጠኋት። ከሁለት ወር በኋላ ሳየው ኦሌው የኛ ኦሌ አይደለም፣ የተወለደበት ዓመት አንድ ነው፣ የአባቱ ስም አንድ ነው፣ ቀዬው ሌላ ክፍለ ሀገር። አማቴ ፍሬሙን እስካሁን ሳሎን ሰቅላዋለች፣ "ቆንጆ ነው ተይው" ትላለች።

ማይሄሪቴጅ

እስራኤል ሀገር የተቋቋመ ኩባንያ ነው፣ ስካንዲኔቪያ ውስጥ ብዙ ተጠቃሚ አለው፣ ጥቅሙም እሱ ነው። አሜሪካ ያለው ዘመድ አንዱ ጋ፣ ኖርዌይ የቀረው ዘመድ ሌላው ጋ ዛፍ ሲሰራ ይሄ ያገናኛቸዋል፣ ቋንቋው ቢለያይም ስሞቹን ያመሳስላል። በሕይወት ያለ የአክስት ልጅ ኖርዌይ ውስጥ ማግኘት ከፈለጋችሁ ከአንሴስትሪ ይሄን አስቀድማለሁ። የኖርዌይን ቆጠራ ለማየት ብቻ ግን አትክፈሉ፣ ቀጥሎ የምነግራችሁ ቦታ ላይ በነፃ ቁጭ ብሏል። ክፍያው በዓመት ስለሆነና በራሱ ስለሚታደስ ቀኑን መዝግቡ።

ዲጂታልአርኪቬት

ይሄ የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ነው። ነፃ። መመዝገብ የለም። የእንግሊዝኛ ገጽ አለው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው፣ አድልዎዬን ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

ምን አለው ብትሉ፣ የ1801፣ 1865፣ 1875፣ 1891፣ 1900፣ 1910ና 1920 ሕዝብ ቆጠራ፣ የ1885 ደሞ ለከተሞች። የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች በስካን፣ ገጽ በገጽ። የስደተኞች የፖሊስ መዝገብ ደሞ አለ፣ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደብ ላይ ፖሊስ ተሳፋሪውን ይመዘግብ ነበር፦ ክርስቲያኒያ (የዛሬዋ ኦስሎ) እና ትሮንዳይም ከ1867፣ በርገን ከ1874። የስታቫንገር የመጀመሪያዎቹ ግን የሉም፣ ያለው ከ1903 ወዲህ ነው፣ ስለዚ ሰዋችሁ በስታቫንገር ከወጣ እዚህ ባታገኙት አትደንግጡ።

በኛ ቤት እንዴት እንደሰራ ላሳያችሁ። አማቴ ካርቶን ውስጥ አንድ የጥምቀት ወረቀት አለ፣ "ቫንግ" ይላል። ደስ አለን፣ ቦታውን አገኘን ብለን። ግን ቫንግ ሁለት ነው! አንዱ ቫልድሬስ ሸለቆ ውስጥ፣ ሌላው ሄድማርክ ውስጥ፣ ሁለቱም አጥቢያ ናቸው። እዛ ላይ ወር ቆመን። ያወጣን ሚኒሶታ ያለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፣ ቄሱ ሲያጋባቸው ከስሙ ጎን በትንሽ ጽሑፍ "ቫልድሪስ" ብሎ ጨምሯል። አንድ ቃል። በዛች ቃል የ1865ን ቆጠራ ከፍተን፣ የራሱን ስም፣ የልደት ዓመቱንና አጥቢያውን አስገብተን፣ በአንድ ቤት ውስጥ አባት፣ እናት፣ አምስት ልጅ፣ ሁለት ላምና ጥቂት በግ ሆነው መጡ። የ1865ው ቆጠራ ከብቱንም የዘራውንም ይቆጥራል። ከአባትየው ስም ጎን "ሁስማን መድ ዮርድ" ይላል፣ ማለት ከባለርስቱ ላይ ቁራሽ መሬት ይዞ በምትኩ ጉልበቱን የሚከፍል ሰው፣ በኛ አፍ ጭሰኛ ነው። ባለቤቴ የእንግሊዝኛውን ትርጉም አይቶ "ኮተር ማለት ምንድነው" ብሎ ዲክሽነሪ ሲያገላብጥ እኔ አንዴ ነግሬው ጨረስኩ።

ከዛ ወደ አጥቢያው መዝገብ ገባን። እዛ ውስጥ ጥምቀት፣ ጋብቻ፣ ቀብር ብቻ ሳይሆን ከአጥቢያው የወጡ ሰዎች ዝርዝር የሚባል ክፍል አለ፣ በኖርዌይኛ ኡትፍሊቴዴ። ስም፣ ዕድሜ፣ የሄደበት ቦታ፣ ቀን። ገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች "አሜሪካ፣ አሜሪካ፣ አሜሪካ" ነው የሚለው፣ አንድ ቦታ ቄሱ ሰልችቶት መድገሚያ ምልክት ብቻ እያደረገ ወርዷል። የኛ ሰው አስራ አራተኛው ላይ ነው። የማረጋገጫ ትምህርት (ሉተራኖች ልጁ ሲያድግ እምነቱን በቤተ ክርስቲያን የሚያጸናበት) ሲጨርስ የተጻፈው ደሞ የፈንጣጣ ክትባቱን ቀንና የዕውቀቱን ደረጃ ይነግራል፣ የኛው "መካከለኛ" ነው፣ ባለቤቴን ይሄን እያልኩ ነው የምተርበው።

ችግሩ የእጅ ጽሑፉ ነው። የጎቲክ አጻጻፍ ነው፣ መጀመሪያ ስታዩት የዶክተር ማዘዣ ይመስላል። ስልቱ ከታወቀ ስም መጀመርና በዛው ገጽ ላይ የፊደሉን ቅርጽ መልመድ ነው። ከ1800ዎቹ መጀመሪያ በፊት ያሉት ደሞ ቀን አይጽፉም፣ "ከሥላሴ በኋላ ሶስተኛው እሁድ" ነው የሚሉት፣ ያንን ወደ ቀን የሚቀይር ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ አለ። ዘወረደ፣ ምኩራብ፣ ሆሳዕና እያለ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ስትፈልጉ ደሞ ሁለት የላቲን "ኤ" ተደርባ የተጻፈች ስም ዛሬ በአንድ "ኤ" ላይ ክብ ተደርጎ ነው የምትጻፈው፣ በሁለቱም ሞክሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኤሊስ አይላንድ ላይ ጊዜ አታባክኑ። የተከፈተው በ1892 ነው፣ ከዛ በፊት የመጣ ሰው በዛ አላለፈም። ከ1850ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመት አብዛኛው ኖርዌጂያን የገባው በኒውዮርክ ሳይሆን በካናዳ በኩል፣ በኩቤክ ወደብ ነው፣ የኩቤክ የተሳፋሪ ዝርዝር ደሞ ከ1865 በፊት ያለው አብዛኛው አልተቀመጠም። እዚህ ላይ ከወጡበት አጥቢያ መዝገብ መፈለግ ከገቡበት ወደብ ይቀላል።

ቢግደቦክ

ቢግደቦክ የአንድ ወረዳ መጽሐፍ ነው፣ ቀዬ በቀዬ፣ ማን ኖረበት፣ ማን ወረሰ፣ ልጆቹ እነማን፣ የትኛው አሜሪካ ሄደ፣ እያለ ብዙ ጊዜ እስከ 1600ዎቹ ይወርዳል። የቀዬውን ስም ካገኛችሁና መጽሐፉ ካለ የአንድ ዓመት ሥራ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ማዲሰን የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪና ግራንድ ፎርክስ የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ትልቅ ስብስብ አላቸው። የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ብዙውን ስካን አድርጎታል፣ አብዛኛው ግን ከኖርዌይ ውጪ ሆናችሁ አይከፈትም። ቋንቋው ኖርዌይኛ ነው፣ ስልካችሁ ካሜራ ላይ ያለው መተርጎሚያ ይበቃል፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው።

ጉድለቱ፣ ለባለርስት ነው የሚያደላው። ጭሰኛው ቀዬው መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ነው የሚታለፈው፣ አንዳንዴ ጭራሽ የለም፣ አሜሪካ የሄደው ደሞ በብዛት እሱ ነው። የኛው ሶስት መስመር ነው ያገኘው። ጸሐፊዎቹም ይሳሳታሉ፣ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ።

የመሬት ፋይል

ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። በ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር መሬት አምስት ዓመት ለኖረበትና ላረሰው ይሰጥ ነበር፣ የውጭ ዜጋ ደሞ ዜጋ ልሆን ነው ብሎ ማመልከት ነበረበት። የባለቤትነት ወረቀቱን የፌዴራሉ የመሬት ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታያላችሁ፣ ሙሉ ፋይሉ ግን ዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው ያለው፣ በክፍያ ይልኩላችኋል። ውስጡ የቤቱ ስፋት፣ ስንት ኤከር እንዳረሰ፣ የጎረቤት ምስክርነት አለ። ቀዬ አይነግራችሁም። የዜግነት ወረቀቱም ቢሆን "ለስዊድንና ኖርዌይ ንጉሥ ያለኝን ታማኝነት ትቻለሁ" ይላል እንጂ (እስከ 1905 ንጉሣቸው አንድ ነበር) ከየት ሸለቆ እንደሆነ አይልም። ግን ቤተሰብ ፊት ለማንበብ ከሱ የበለጠ የለም።

ባለሙያና የተወላጆች ማህበር

ማዲሰን ውስጥ በ1974 የተቋቋመ የኖርዌጂያን አሜሪካውያን የዘር ጥናት ማዕከል አለ፣ በክፍያ ይፈልጉላችኋል፣ አባል ከሆናችሁ ይቀንሳል። እነሱ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉና ስጧቸው፣ አለበለዚያ እናንተ በነፃ የምታገኙትን ቆጠራ ለማግኘት ነው የምትከፍሏቸው። ጎቲኩን አንብቡልኝ ወይም ከሁለቱ ኦሌ የቱ ነው የኔ ለሚለው ጥያቄ ግን ገንዘቡ ይገባቸዋል።

ከዛ በርካሽ ደሞ ቢግደላግ አለ። ከአንድ ሸለቆ የመጡ ሰዎች ዘሮች ማህበር ነው፣ እንደኛ የወረዳ ተወላጆች ማህበር በሉት፣ የመጀመሪያው የቫልድሬሶቹ ነው፣ በ1899። ዛሬም ሰላሳ አካባቢ አሉ። መዋጮው ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹ ውስጥ ዘር ቆጠራ ላይ የደረቁ ሽማግሌዎች አሉ፣ አንዷን ስልክ ደውዬ "ቫንግ" ከማለቴ "የትኛው ቫንግ?" አለችኝ። በዛው አመንኳት።

ዲኤንኤ

መደበኛ ዋጋው 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ በበዓል ሰሞን ይወርዳል። "87 በመቶ ኖርዌጂያን" የሚለው ለእራት ወሬ ነው፣ ቀዬ አያሳያችሁም። የሚጠቅመው የተመሳሳዮች ዝርዝሩ ነው፣ እሱም ወረቀት ላይ የሰራችሁት ዛፍ ካለ። ሌላ ችግር፣ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ለመቶ ዓመታት እርስ በርስ የተጋቡ ስለሆኑ ዲኤንኤው ዘመድነቱን ከእውነቱ አቅርቦ ያሳያል፣ ሶስተኛ ደረጃ ዘመድ ያለው አምስተኛ ደረጃ ሆኖ ይገኛል። ለጉዲፈቻ ወይም አባቱ ላልታወቀ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ መንገድ የለም። የኖርዌይ ቄሶች ከጋብቻ ውጪ ለተወለደ ልጅም የአባቱን ስም ይጽፉ እንደነበር አትርሱ፣ መጀመሪያ መዝገቡን እዩ።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ዋጋ | ቀዬውን ያስገኛል? | ዋናው ገጽ | ስህተት የመጋባት ዕድል |
|---|---|---|---|---|
| ፋሚሊሰርች | ነፃ | አልፎ አልፎ | አብዛኛው አለ | የጋራ ዛፉ ላይ ከፍተኛ |
| አንሴስትሪ | በወር ከ20 ዶላር በላይ፣ በላይብረሪ ነፃ | አዎ፣ በቤተ ክርስቲያን መዝገቡ | አለ | የሰው ዛፍ ከቀዳችሁ ከፍተኛ |
| ማይሄሪቴጅ | የዓመት ክፍያ | በዘመድ በኩል | በከፊል | ከፍተኛ |
| ዲጂታልአርኪቬት | ነፃ | አጥቢያውን ካወቃችሁ አዎ | አለ | ዝቅተኛ |
| ቢግደቦክ | ላይብረሪ ነፃ | ወረዳውን ካወቃችሁ አዎ | የለም፣ ተጠናቅሮ የተጻፈ ነው | መካከለኛ |
| የመሬት ፋይል | ፋይሉ በክፍያ | አይደለም | አለ | ዝቅተኛ |
| ማዕከልና ቢግደላግ | በክፍያ፣ ወይም በመዋጮ | ብዙ ጊዜ አዎ | ያመጡላችኋል | ዝቅተኛ |
| ዲኤንኤ | 100 ዶላር አካባቢ | ብቻውን አይደለም | የለም | አተረጓጎሙ ላይ |

ለማን የቱ

ምንም ማውጣት ለማይፈልግ፦ ካርቶኑንና የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱሱን አገላብጡ፣ ከዛ ፋሚሊሰርች፣ ከዛ ላይብረሪ ሄዳችሁ የሉተራን መዝገቡን በአንሴስትሪ፣ ከዛ ዲጂታልአርኪቬት። እኛ ከአጥቢያው ስም በኋላ ያወጣነው ገንዘብ የፓርኪንግ ብቻ ነው።

ሃምሳ ዶላር አካባቢ ላለው፦ የአንድ ወር አንሴስትሪ ከነዝርዝሩ፣ የተረፈው ለቢግደላግ መዋጮ። ዲኤንኤ አይደለም።

ለአሮጊቷ ስጦታ ለሚፈልግና ጊዜ ለሌለው፦ ማዕከሉ ጋ ክፈሉና ቀዬውን ብቻ ፈልጉልኝ በሉ። አስር ትውልድ አትዘዙ፣ ሴትየዋ የምትፈልገው የቀዬዋን ስምና ፎቶ ነው።

ወረቀት ሁሉ ተቃጥሎበት ወይም ጠፍቶበት ለቆመ፦ ሰውየውን ትታችሁ ወንድሞቹንና እህቶቹን፣ የጋብቻ ምስክሮቹን፣ ጎረቤቱን ፈልጉ። አብረው ነው የመጡት፣ አብረው ነው የሰፈሩት፣ ያንዱ መዝገብ ላይ የሌለው የሌላው ላይ አለ። ይሄ ክፍያ የለውም፣ ትዕግሥት ብቻ ነው።

ኖርዌይ ለመሄድ ላሰበ ደሞ፦ የመቃብር ድንጋይ ፍለጋ አትሂዱ፣ እዛ መቃብር ቢያንስ 20 ዓመት ይቆይና ቤተሰብ ካልከፈለበት ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ የ1870 ድንጋይ የማግኘት ዕድላችሁ ትንሽ ነው። የቀዬውን የመዝገብ ቁጥር ከቢግደቦኩ ላይ ያዙ፣ የኖርዌይ መንግሥት ነፃ ካርታ ላይ በቁጥሩ ፈልጋችሁ ትክክለኛውን ቦታ ታያላችሁ። ሰው የሚኖርበት ቤት ስለሆነ ዝም ብላችሁ በር አታንኳኩ፣ ቀድማችሁ ደብዳቤ ጻፉ፣ በእንግሊዝኛ ይበቃል። የኛ ጭሰኛ ጎጆ ዛሬ የለም፣ ባለርስቱ ቀዬ ግን አለ፣ አሁን ያሉት ሰዎች ለደብዳቤያችን የላኩት ፎቶ ላይ ከጎተራው ጀርባ የድንጋይ መሠረት ይታያል፣ "ምናልባት ይሄ ይሆናል" ብለው በቀይ ክበውበታል።